20 ዋት ብቻ፦ አንጎልን የሚመስል ቺፕ ፍለጋና የፕሮፌሰር ክዋቤና ቦአሄን የሙያ ጉዞ

በዚህ የትምህርት ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ሶፍትዌር ነው። ዛሬ ግን አንድ ደረጃ ወደ ታች እንውረድና ሶፍትዌሩ የሚሠራበትን ሲሊኮን እንመልከት። የምጽፈው እንደ አንድ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነው። ሐሳቡን ለመከተል የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይበቃል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ቁጥር እንጀምር። የሰው አንጎል በግምት 86 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ይህን ሁሉ ይዞ እያየ፣ እየሰማ፣ እያሰበ የሚፈጀው ኃይል 20 ዋት ያህል ብቻ ነው። በልጅነታችን ቤታችን ውስጥ ከነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል አንድ ሦስተኛው ማለት ነው። ዛሬ ትልልቅ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ሞዴሎች የሚሠለጥኑባቸው ማዕከላት ግን ኃይላቸው የሚለካው በሜጋዋት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከየት መጣ? ሊጠብስ ይችላል ወይ? ይህን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ካደረጉት መሐንዲሶች አንዱ በጋና ያደጉት ፕሮፌሰር ክዋቤና ቦአሄን ናቸው።

ከአክራ እስከ ካሊፎርኒያ

ቦአሄን በ1964 ተወለዱ። አባታቸው አልበርት አዱ ቦአሄን በአፍሪካ ታሪክ ጥናት ስማቸው የታወቀ የጋና ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ በ1992ም ለጋና ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረዋል። ልጃቸው የተሳቡት ግን ወደ መሣሪያ ነበር። በምፋንትሲፒም ትምህርት ቤት ሳሉ በቆሎ የሚዘራ ማሽን ሠርተው በአገር አቀፍ የሳይንስ ውድድር አሸንፈዋል።

በ1982 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ እያሉ የመጀመሪያ ኮምፒውተራቸውን አገኙ። ቴሌቪዥኑን እንደ ስክሪን፣ የካሴት ማጫወቻውን እንደ ማከማቻ አድርገው ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። ነገሩ አስደስቷቸው ነበር። ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ሲያነቡ ግን ደስታው ቀዘቀዘ። ማሽኑ ትንሽ ነገር ለመሥራት እንኳ መረጃን ያለ ዕረፍት ሲያመላልስ እንደሚውል ተረዱ፤ ከዚህ የተሻለ፣ የተዋበ መንገድ መኖር አለበት ብለውም አሰቡ።

ከዚያ ወደ አሜሪካ አቀኑ። በ1989 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። እዚያ እያሉ የአንጎልን ትውስታ የሚመስል የአናሎግ ሜሞሪ ቺፕ በመሥራት ተሳትፈዋል። በ1997 ደግሞ ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ካልቴክ ከምንለው፣ በካርቨር ሚድ አማካሪነት ዶክትሬታቸውን አገኙ። ቀጥሎ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ ከዚያም ወደ ስታንፎርድ ተዛውረው «ብሬይንስ ኢን ሲሊኮን» የተባለውን ቤተ ሙከራ መምራት ያዙ። ትርጉሙ «አንጎል በሲሊኮን» እንደ ማለት ነው።

ኮምፒውተር ለምን ኃይል ያባክናል?

ያን ወጣት ያስከፋው ነገር ምን ነበር? በተለመደው ኮምፒውተር ውስጥ ስሌት የሚሠራው ፕሮሰሰርና መረጃ የሚቀመጥበት ሜሞሪ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። አንድ ቁጥር ለመደመር ከሜሞሪ ማምጣት፣ መደመር፣ ውጤቱን መልሶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ምጣዷ በአንድ ቤት፣ ሊጧ ደግሞ ከመንገድ ማዶ በሌላ ቤት ያለች እናት አስቡ። ለእያንዳንዷ እንጀራ መንገዱን ተሻግራ አንድ ኩባያ ሊጥ ታመጣለች፣ ትጋግራለች፣ እንጀራውንም መልሳ ማዶ ታደርሳለች። ቀኑን ሙሉ የሚያደክማት መጋገሩ ሳይሆን መመላለሱ ነው። በዛሬ ቺፖችም ብዙውን ጊዜ ከስሌቱ ይልቅ መረጃውን ማጓጓዙ የበለጠ ኃይል ይወስዳል።

አንጎል ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍፍል የለም። አንድ የነርቭ ሕዋስ ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲናፕስ ይባላል። ትውስታችን የሚቀመጠው በነዚህ ሲናፕሶች ጥንካሬ ውስጥ ነው፤ ስሌቱም የሚካሄደው እዚያው ነው። ሊጡም ምጣዱም አንድ ቤት ነው ማለት ነው።

ካርቨር ሚድ ያዩት ነገር

የዚህ የምህንድስና ዘርፍ ስም ኒውሮሞርፊክ ይባላል፤ «የነርቭን ቅርጽ የያዘ» ማለት ነው። ስያሜውን ያወጡት ካርቨር ሚድ ሲሆኑ ዘርፉ መልክ የያዘው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የአሳባቸውን ሥር ለመረዳት ስለ ትራንዚስተር አንድ ነገር ማወቅ አለብን።

በዲጂታል ቺፕ ትራንዚስተር እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያገለግላል፤ ወይ ይበራል፣ ወይ ይጠፋል። «ጠፋ» የምንለው ትራንዚስተር ግን ፈጽሞ አይጠፋም። በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ ጥቂት ፍሰት ያንጠባጥባል። የዲጂታል መሐንዲስ ይህን ብክነት ይለዋል። ሚድ ግን ጠብታውን ቀርበው አዩት። የሚገዛው ሕግ ደግሞ አስገራሚ ነው፦ ቮልቴጁን ከ60 እስከ 100 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ስንጨምር ፍሰቱ አሥር እጥፍ ያድጋል።

ምክንያቱን በአጥር እንመስለው። ብዙ ልጆች ከአንድ አጥር ፊት ቆመው ይዘላሉ እንበል። አጥሩ ረጅም ከሆነ የሚሻገሩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። አጥሩን በትንሹ ዝቅ ስናደርገው የሚሻገሩት ቁጥር በትንሹ አይጨምርም፤ በብዙ እጥፍ ይባዛል። ልጆቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ የአጥሩን ቁመት የሚወስነው ቮልቴጁ ነው። በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ያሉት ጥቃቅን በሮችም ለቮልቴጅ የሚሰጡት ምላሽ ይህንኑ ዓይነት ሕግ ይከተላል። ስለዚህ ሚድ የደረሱበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ የነርቭን ባሕርይ በእኩልታ ጽፎ በዲጂታል ማሽን ከማስላት ይልቅ ትራንዚስተሩ ራሱ በተፈጥሮው እንደ ነርቭ እንዲሠራ መተው ይቻላል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ባለ ስምንት ቢት ሁለት ቁጥሮችን የሚደምር የዲጂታል ሰርኪዩት በመቶ የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች ሊፈልግ ይችላል። በአናሎግ ግን ሁለት ፍሰቶችን ለመደመር ሁለት ሽቦዎችን ማገናኘት በቂ ነው፤ ድምሩን የሚሠራልን ተፈጥሮ ነው። ድምሩ በካፓሲተር ላይ እንደ ውኃ በእንስራ ይጠራቀማል። አፉ ድረስ ሲሞላ ሰርኪዩቱ አንድ አጭር ምት ይልክና እንስራው ባዶ ሆኖ እንደገና ይጀምራል። የነርቭ ሕዋስም በመሠረቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሽቦ ሲያንስ አድራሻ

ሕዋሱን መሥራት ከተቻለ ቀጣዩ ችግር ማገናኘቱ ነው። አንድ የአንጎል ሕዋስ ከሺዎች ጋር ይገናኛል። ቺፕ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ሽቦ እንዘርጋ ብንል ቦታ አይበቃም። በካልቴክ የሚድ ተማሪ የነበሩት ሚሻ ማሆዋልድ ለዚህ ብልሃት ካበጁት መካከል ናቸው፤ ቦአሄንም በዶክትሬት ሥራቸውና ከዚያ በኋላ በሰፊው አሳደጉት።

ብልሃቱ ይህ ነው። ነርቭ ዘገምተኛ ነው፤ የሚሠራው በሚሊሰከንድ ነው። የቺፕ ሽቦ ግን እጅግ ፈጣን ነው። ስለዚህ አንድ ፈጣን ሽቦ ለብዙ ሺህ ዘገምተኛ ሕዋሳት በጋራ ሊያገለግል ይችላል። እያንዳንዱ ሕዋስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ምት ሲልክ «እኔ ቁጥር ይህን ያህል ነኝ» ብሎ አድራሻውን ብቻ በሽቦው ላይ ያሳልፋል። ተቀባዩ አድራሻውን አይቶ ምቱን ወደሚገባው ቦታ ያደርሳል። ዝም ያለ ሕዋስ ምንም አይልክም፤ ሽቦውንም አይዝም።

ሁለት ሕዋሳት በአንድ ቅጽበት ቢናገሩስ? እንደ እድር ስብሰባ ሰብሳቢ ያስፈልጋል። እጅ ያወጣ ሁሉ ተራ ይሰጠዋል፤ ሰብሳቢው ፈጣን ስለሆነ ግን ማንም መዘግየቱን አያስተውልም። በቁጥር እንየው። አንድ ቺፕ 65,536 ሕዋሳት ቢኖሩትና እያንዳንዱ በሰከንድ 10 ምት ቢልክ በሰከንድ 655,360 ምቶች ያልፋሉ። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ 1.5 ማይክሮሰከንድ ያህል ነው። ይህ ለሰው ምንም ነው፤ ለቺፕ ግን ሰፊ ጊዜ ነው።

የሚያይ ቺፕ

በፔንሲልቬንያ በነበሩበት ዘመን ቦአሄን ከተማሪያቸው ከከሪም ዛግሉል ጋር የዓይናችንን ሬቲና የሚመስል ቺፕ ሠሩ። ሬቲና ካሜራ አይደለም። ካሜራ ያየውን ሁሉ በየጊዜው ደግሞ ደጋግሞ ይልካል። ሬቲና ግን መጀመሪያ ያጣራል፦ የት ላይ ጠርዝ አለ? የት ላይ ብርሃን ጨመረ? የት ላይ ቀነሰ? ወደ አንጎል የሚልከው ይህን ብቻ ነው። ቺፑም እንደዚሁ በአራት ዓይነት ሰው ሰራሽ ሕዋሳት ለብርሃን መጨመር፣ ለብርሃን መቀነስ፣ ለሚቆይና ለሚለዋወጥ ምስል ለየብቻ ምላሽ ይሰጥ ነበር። የፈጀው ኃይል ከአንድ ዋት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ከሌላው ተማሪያቸው ከብራያን ታባ ጋር ደግሞ ግንኙነቶቹን በራሱ የሚያስተካክል ቺፕ ሠሩ። አንጎል ሲያድግ የነርቭ ጫፎች ቦታቸውን ፈልገው ያገኛሉ፤ በአንድነት የሚሠሩት ጎረቤት ይሆናሉ። ቺፑ ይህን የእድገት ሂደት በአድራሻ ሰንጠረዡ ላይ ይኮርጃል። ቦአሄን እነዚህን ሥራዎች በ2005 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ለጠቅላላ አንባቢ አስረድተዋል። በ2007 ደግሞ ታንዛኒያ አሩሻ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ ላይ አቅርበዋቸዋል። በዚያ ንግግር ኮምፒውተር ውስጥ አፍሪካ አንሳለች የሚለውን የሙዚቀኛውን የብራያን ኢኖን ወቀሳ አንስተው ነበር። ሁሉን ከሚያዝዝ ከአንድ ማዕከል ይልቅ ብዙዎች ተቀባብለው የሚሠሩት ሥራ ለእሳቸው የአንጎልም የአፍሪካም ጠባይ ነው።

ኒውሮግሪድ፦ እስቲ እናስላው

በስታንፎርድ የተሠራው ትልቁ ሥራ ኒውሮግሪድ ይባላል። አንድ ቺፕ 256 በ256 ሕዋሳት አሉት። 16 ቺፖች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተያይዘው አንድ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠዋል። ስናባዛው 1,048,576 ሕዋሳት ይሆናል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። በመካከላቸው በቢሊዮን የሚቆጠሩ የሲናፕስ ግንኙነቶች አሉ። የሕዋሱ ስሌት በአናሎግ፣ መልእክቱ በዲጂታል ይሠራል። ሁሉም ነገር አንጎል በሚሠራበት ትክክለኛ ፍጥነት እየሄደ ሰሌዳው የሚፈጀው 3 ዋት ያህል ነው። ዝርዝሩ በ2014 በአይ ትሪፕል ኢ መጽሔት ወጣ። በወቅቱ አንዱን ሰሌዳ ለመሥራት 40,000 ዶላር ያህል ይፈጅ ነበር።

አሁን እናወዳድር። በኒውሮግሪድ 3 ዋት ለአንድ ሚሊዮን ሲካፈል ለአንድ ሕዋስ 3 ማይክሮዋት ይደርሳል። በአንጎል ደግሞ 20 ዋት ለ86 ቢሊዮን ሲካፈል ለአንድ ሕዋስ 0.23 ናኖዋት ገደማ ነው። አንጎል አሁንም ከ10,000 ጊዜ በላይ ይቀድማል። 86 ቢሊዮን ሕዋስ በኒውሮግሪድ ለመገንባት 86,000 ያህል ሰሌዳዎችና 258 ኪሎዋት ገደማ ያስፈልጋል። ይህን የምጽፈው ሥራውን ለማሳነስ አይደለም። በዜና ላይ «አንጎልን የሚመስል ኮምፒውተር ተሠራ» የሚል ርዕስ ስናይ ቁጥሩን አካፍለን ርቀቱን ማየት መልመድ አለብን፤ መሐንዲስን ከአጨብጫቢ የሚለየው ይህ ነውና።

ከኒውሮግሪድ በኋላ

ሌሎችም በየፊናቸው ሠርተዋል። አይቢኤም በ2014 ትሩኖርዝ የተባለውን ባለ አንድ ሚሊዮን ሕዋስ ቺፕ፣ ኢንቴል በ2017 ሎይሂን ይፋ አደረጉ። ሁለቱም ከአናሎግ ይልቅ ዲጂታልን መረጡ። ምክንያት አላቸው። ሁለት ትራንዚስተሮች በአንድ ንድፍ ቢሠሩም ከአንድ ሊጥ እንደተጋገሩ ሁለት እንጀራዎች ናቸው፤ ዓይናቸው አንድ አይሆንም። ዲጂታል ይህን ልዩነት ችላ ማለት ይችላል፤ አናሎግ ግን ይሰማዋል።

የቦአሄን ቡድን መልስ በ2019 የታተመው ብሬይንድሮፕ ነው። ልዩነቱን ከማጥፋት ይልቅ ተጠቀመበት። ሕዋሳቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ምላሽ ቢሰጡ የአንዱ ከሌላው የሚጨምረው ነገር አይኖርም። የተለያየ ምላሽ ካላቸው ግን ምላሻቸውን በተገቢው መጠን በመደመር የምንፈልገውን ስሌት ማውጣት ይቻላል። ጉድለት የተባለው ሀብት ሆነ ማለት ነው።

በ2022 ደግሞ ቦአሄን በኔቸር መጽሔት ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፤ ትኩረታችንን ከሲናፕስ ወደ ዴንድራይት እናዙር የሚል። ዴንድራይት የነርቭ ሕዋስ መልእክት የሚቀበልበት ቅርንጫፍ ነው። የዛሬዎቹ ሰው ሰራሽ የነርቭ መረቦች መሠረታዊ አሃድ የሚደርሱትን ምልክቶች በክብደታቸው አባዝቶ ይደምራል፤ ማን ቀደመ ማን ተከተለ አይልም። ዴንድራይት ግን ቅደም ተከተልን ሊለይ ይችላል። የራሳችን ቋንቋ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። «መከረ» እና «ከረመ» የተጻፉት በእነዚያው ሦስት ፊደላት ነው። ፊደላቱን ብቻ ለሚደምር ማሽን ሁለቱ አንድ ናቸው። ቅደም ተከተሉን ለሚያይ ግን አንዱ ምክር፣ ሌላው ክረምት ነው። አንድ አሃድ በቅደም ተከተል ብዙ መለየት ከቻለ የሚላከው ምልክት ይቀንሳል። ምልክቱ ሲቀንስ ሙቀቱም ይቀንሳል፤ ያኔ ቺፖችን እንደ ፎቅ ደራርቦ መሥራት ቀላል ይሆናል።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

በማህበራችን የጥናት ክበብ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ «ሥራው ሁሉ ሶፍትዌር ላይ ሆኖ ሳለ እናንተ ስለ ምን ትራንዚስተር ትማራላችሁ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ቤተሰብ ከአገር ቤት እየጠበቀ፣ የትምህርት ክፍያ እየተቆጠረ ቶሎ ሥራ የሚያስገኘውን መምረጥ ነውር የለውም። ያልኳትን ለእናንተም ልድገመው።

ማሰብ የሚችል ማሽን ሜጋዋት የሚጠይቅ ከሆነ ባለቤቶቹ ሜጋዋት ያላቸው ብቻ ይሆናሉ። አዲስ አበባ የተወለደችውና በስታንፎርድ የኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማረችው ትምኒት ገብሩ ከባልደረቦቿ ጋር በ2021 ባወጣችው ጽሑፍ ይህን አንስታለች፤ የትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች የአካባቢ ጉዳት ይበልጥ የሚያርፈው ከጥቅሙ እምብዛም በማይደርሳቸው ሰዎች ላይ ነው ብላ። በተቃራኒው ማሽኑ በጥቂት ዋት የሚሠራ ቢሆን መብራት በሚቆራረጥበት ጤና ጣቢያ፣ በአንዲት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ ኢንተርኔት ሳይጠብቅ ያገለግላል። ይህን ልዩነት የሚወስነው የቺፑ ንድፍ ነው። ንድፉ ሲወሰን ጠረጴዛው ዙሪያ እነማን ይቀመጣሉ የሚለው ደግሞ እኛን ይመለከታል።

መንገዱ አጭር አይደለም። ከ1982ቱ ቅሬታ እስከ ኒውሮግሪድ ጽሑፍ 32 ዓመት ነው። ቺፕ እንደ ፕሮግራም ዛሬ ተጽፎ ዛሬ አይሞከርም፤ ንድፉ ወደ ፋብሪካ ሄዶ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ፍላጎቱ ያላችሁ ግን አሁኑኑ መጀመር ትችላላችሁ። የሰርኪዩትና የሴሚኮንዳክተር ፊዚክስ ትምህርቶችን ቀድማችሁ ያዙ፤ ፕሮባቢሊቲን አትዝለሉ፤ ከባዮሎጂ ክፍል አንድ የነርቭ ሳይንስ ኮርስ ጨምሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለምትጠቀሙበት መሣሪያ «እንዲህ መሆኑ ግድ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅን አትተዉ። የቦአሄን ሥራ የተጀመረው በዚህ ጥያቄ ነው።

ለውይይት

1. በአድራሻ ዘዴው ስሌት እያንዳንዱ ሕዋስ በሰከንድ 10 ሳይሆን 100 ምት ቢልክ ለአንድ ምት የሚደርሰው ጊዜ ስንት ይሆናል? ሰብሳቢው ይችለዋል ትላላችሁ?

2. እንደ «መከረ» እና «ከረመ» በተመሳሳይ ፊደላት፣ በተለያየ ቅደም ተከተል የተጻፉ ሌሎች የአማርኛ ቃላት ፈልጉ። ስንት አገኛችሁ?

3. በአገራችን በ3 ዋት የሚሠራ፣ የሚያይና የሚሰማ መሣሪያ ቢኖር መጀመሪያ ለየትኛው ችግር ታውሉት ነበር? ለምን?

መልሳችሁን ይዛችሁ ወደ ጥናት ክበቡ ኑ። መልካም የጥናት ጊዜ ይሁንላችሁ።